ዶልፊኔ ሲሞቅ አንዳንዴ "ቋ" ብላ ዝም ትላለች፣ ባትሪም ሞተሪኖም (ማስነሻው) ቀይሬያለሁ፣ ምን ቀረኝ?

ባለዶልፊን (ሰኞ ማታ)፦

ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ፣ እስቲ መላ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። መኪናዋ ቶዮታ ሃይስ ነች፣ ያው ዶልፊን የምንላት፣ በፈረንጅ 1997 ሞዴል፣ 3ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር፣ ማንዋል፣ መገናኛ ኮተቤ ነው የምሰራባት። ችግሯ ምን መሰላችሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለስራ ስወጣ ቁልፉን ነካ ሳደርጋት ነው የምትነሳው፣ ብርዱ ምንም ቢሆን። ቀን ላይ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን አጥፍቼ ወዲያው ላስነሳ ስል አንዳንዴ "ቋ" ትልና ዝም። አንዴ ብቻ ነው። ቁልፉን መልሼ አዞራለሁ፣ "ቋ"። አምስት ስድስቴ ከሞከርኩ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ድንገት ትነሳለች፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሃያ ጊዜ ብሞክር እምቢ።

በጣም የምትጫወትብኝ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፉ አምስት ሜትር ይሄዳል ይቆማል፣ አጠፋለሁ አስነሳለሁ፣ አጠፋለሁ አስነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ማደያው በር ላይ ስደርስ "ቋ" አለችኝ፣ ከኋላዬ የነበረው ሲኖትራክ ጡሩንባውን ለቀቀው፣ ረዳቴና ሁለት ልጆች ወርደው ገፉልኝ። ስትገፋ ግን ወዲያው ነው የምትነሳው፣ ሁለተኛ ማርሽ ከትቼ ፍሪሲዮን ለቀቅ ሳደርግ ሁለት ሜትር እንኳ አትሄድም። ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ነው ባይ ነኝ። አሁን የት እንደማቆማት ታውቃላችሁ? ቁልቁለት እየፈለግኩ። ምሳ የምበላበትን ቤት ራሱ ቀይሬያለሁ፣ የድሮው ቤት ሜዳ ላይ ስለሆነ።

እስካሁን፣ አንደኛው መካኒክ ባትሪህ ሞቷል አለኝ፣ አዲስ ገዛሁ፣ አስር ቀን ሰላም ሆና ተመለሰባት። ሁለተኛው ሞተሪኖው ነው አለ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ፣ ሶስት ሳምንት ሰራችና ያው። ሶስተኛው አሁን ሽቦው በሙሉ ይቀየር ይላል። እነሱ ጋ ስወስዳት ደግሞ አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚተወው። አዲስ ሞተሪኖ ልግዛ ወይስ ምን ይሻለኛል?


ወያላው_ነኝ፦

ወንድሜ ረዳትህን 17 ቁልፍ አስይዘህ ከስር አስገባውና አንተ ቁልፍ ስታዞር እሱ ሞተሪኖውን ኳ ኳ ያድርገው፣ እኛ እንደዚህ ስንት ወር ሰርተናል 😂 ሲሪየስሊ ግን ስትመታ ከተነሳች ችግሩ እዛው ሞተሪኖው ላይ ነው ማለት ነው።


ሽቦ_ዘርጋ፦

በመጀመሪያ ምንም አትግዛ። ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አርገው። የመኪና ኤሌትሪክ ነው ስራዬ፣ እንዳንተ አይነት መኪና በሳምንት ሁለት ሶስት ይመጣልኛል፣ ሁሉም ባትሪ ቀይረው ነው የሚመጡት።

"አንዳንዴ አትነሳም" የሚባል በሽታ የለም፣ መጀመሪያ እንዴት ነው የማትነሳው የሚለው መለየት አለበት። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የናፍጣ ወይ የሙቀት ነው። ያንተ ጭራሽ አይዞርም። ያ ደግሞ እንደ ድምፁ ይለያያል። ቁልፍ ስታዞር "ጠጠጠጠጠ" እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይ የባትሪው ራስ ላይ የታሰረው ላልቷል። ምንም ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖ የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ከረንት አልደረሰም። አንድ ጠንካራ "ቋ" ብቻ ከሆነ ትእዛዙ ደርሷል፣ ሞተሪኖው ጀርባ ያለው ሶሌኖይድ፣ የወፍራሙ ከረንት በር በለው፣ ተስቧል፣ ግን ወፍራሙ ከረንት አላለፈም ወይ አልበቃም። በተለይ ሞተሪኖው ሲመታ የሚነሱት እንደዚህ ናቸው።

ነገ እምቢ ስትልህ ይህን አድርግ፣ መሳሪያ አይፈልግም። የውስጡን መብራት አብራና እያየኸው ቁልፉን አዙር። "ቋ" ስትል መብራቱ ድርግም ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪ፣ ካቦ ወይ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ቦዲው የሚሄደው ገመድ) ነው፣ ወይ ሞተሪኖው ውስጡ ተይዟል። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ግን ከባትሪው የወጣ ነገር የለም ማለት ነው፣ በሩ ሳይከፈት ቀርቷል። ይህን ሳትነግረኝ ሌላ ነገር አልልህም።


የሰርቪስ_እናት፦

ይቅርታ በናንተ ጥያቄ ላይ ገባሁ፣ የኔም ሃይስ ነው፣ 2ኤል፣ የተማሪ ሰርቪስ ነው የምሰራበት። የኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጠዋት ነው የሚያስቸግረኝ። ይዞራል ይዞራል ይዞራል፣ አይነሳም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወዲያው ይነሳል። ልጆቹ ቤት 12 ተኩል መድረስ አለብኝ፣ ወላጅ ስልክ ላይ ነው። ጊቢ የሚያድረው ልጅ በጨርቅ ቤንዚን ነክሮ አየር ማስገቢያው ላይ ያስጠጋልኛል፣ ያኔ ይነሳል። ሞተሪኖውን ላሳየው?


ሽቦ_ዘርጋ፦

@የሰርቪስ_እናት ኧረ እህቴ ቤንዚኑን አስቁሚው! ናፍጣ ሞተር ውስጥ ያሉት ማሞቂያዎች ቀልተው ባሉበት ቤንዚን ከገባ ጊዜውን ሳይጠብቅ ነው የሚፈነዳው፣ ፒስተንና ፋሻ የሰበረ አይቻለሁ፣ ልጁ እጁ ላይ ጨርቁ ቢያያዝስ። ሞተሪኖሽ ምንም አልሆነ፣ እያዞረልሽ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሽልኝ፣ እየዞረ ሳለ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል ወይስ ምንም አይወጣም? ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል ግን አልተቃጠለም፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ነው የምናየው። አራት ናቸው፣ አንዱ ሲቃጠል በሶስቱ ትነሻለሽ፣ ሁለቱ ሲቃጠሉ ነው አዲስ አበባን በዚህ ከፍታና በታኅሣሥ ብርድ የምታውቂው። ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ አልደረሰም።


ቨርጂኒያ_ያለሁት፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ የምነዳው አሮጌ ፎርድ ኢኮኖላይን ቫን ነው፣ ቤንዚን ነው ግን የማስነሻው ነገር ያው አንድ ነው ብዬ ነው። የኔም ልክ እንደዚህ ቋ እያለ አራት ወር አንገላታኝ፣ መጨረሻ ላይ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ነበር፣ እዚህ በክረምት በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ ያ ጨው በልቶት ከላይ ደህና ይመስላል ከውስጥ ዱቄት ሆኗል። እንዴት አገኘኸው ካላችሁ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ማለቴ መያዣው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ሚስቴ ቁልፍ ስታዞር አየሁ፣ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም፣ የኔ ከ2 በላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ማሳውን ሳታይ ምንም እንዳትቀይር።


ጡረተኛው_ሹፌር፦

ልጆች ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ውይይት ታክሲ ከነዳሁበት ጊዜ ጀምሮ መሪ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ነኝ። ዶልፊን ሁለት ነበረኝ። ልጄ ባለዶልፊን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቁልፍህ ላይ ስንት ቁልፍ አንጠልጥለሃል? የቤት፣ የቁምሳጥን፣ የመስቀል፣ የቢራ መክፈቻ፣ ሁሉም እዛ ላይ ይወዛወዛል፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲጎትተው የቁልፉ ስዊች ውስጡ ያልቃል። የኔ አንደኛዋ ስዊቹ ነበር። ቁልፉን ወደፊት ገፋ አድርጌ ሳዞር ትነሳ ነበር። እስቲ እንደሱ ሞክር።


ባለዶልፊን (ረቡዕ ማታ)፦

ጋሼ እርስዎ ካሜራ ነው እንዴ የተከሉብኝ፣ ስድስት ቁልፍና የቢራ መክፈቻ አለው 😅 አወለቅኩት። ለውጥ ግን የለም፣ ገፋ አድርጌም ጎትቼም ሞከርኩ።

@ሽቦ_ዘርጋ ዛሬ ሁለት ጊዜ ያዝኳት። መብራቱ ንቅንቅ አላለም ወንድሜ። "ቋ" ትላለች መብራቱ እንደበራ ነው። ሶስተኛውን ጊዜ ስሞክር ተነሳች፣ ስትነሳ ደግሞ መብራቱ እንደማንኛውም ጊዜ ፈዘዝ አለ። የቨርጂኒያው ወንድማችን ያለውንም ለክቼ ነበር፣ ደህና ስትነሳ ነው የለካሁት፣ 0.2 ነው ያሳየኝ፣ መልቲሜትሩ የጎረቤት ስለሆነ ልክ መሆኑን እንጃ።


ሽቦ_ዘርጋ፦

0.2 ጥሩ ነው፣ ማሳህ ይለፍ። ግን ልብ በል፣ ደህና በምትነሳበት ሰዓት የለካኸው ነገር ደህና በምትነሳበት ሰዓት ደህና መሆኗን ብቻ ነው የሚነግርህ። መካኒኮቹም የተሸወዱት እዚህ ጋ ነው። መለካት ያለብህ እምቢ ባለችበት ሰከንድ ነው፣ እምቢ የምትለው ደግሞ ሰልፍ ላይ ነው፣ ሰልፍ ላይ መኪና ስር አትገባም። ስለዚህ ሽቦውን አንተ ጋ እናምጣው።

አራት ረጃጅም ቀጫጭን ሽቦ ግዛ፣ ባለ አራት ቀለም። ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ይህን ካልሰማህኝ የቀረውን አታንብበው። ቀዩን ሞተሪኖው ላይ ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ካቦ የታሰረበት ብሎን ላይ እሰር፣ እሱ ሁሌ ከረንት ስላለበት እዛው ስሩ ላይ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ አስገባበት። ቢጫውን ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የምትገባው አጭር ወፍራም ካቦ የታሰረችበት ሁለተኛው ብሎን ላይ። ሰማያዊውን ቀጭኗ የቁልፍ ሽቦ ላይ። ጥቁሩን የሞተሪኖው ብረት ላይ። ከማርሚታው አርቀህ ጎትተህ ወደ ወንበሩ አውጣቸው፣ የሞተሩ ክዳን ስር እንዳይቆረጡ። ከዛ መልቲሜትሩ ጥቁር ላይ እንደታሰረ ሆኖ ስትዘጋብህ ረዳትህ ቁልፉን ይዞ ይቆይ፣ አንተ ቀይ ቢጫ ሰማያዊ እያልክ ለካ። ሶስት ቁጥር ነው የምፈልገው።


ወያላው_ነኝ፦

ይሄ ሰውዬ ናሳ ነው እንዴ የሚሰራው


የሰርቪስ_እናት፦

ጭስ የለውም። ዛሬ ጠዋት ወንድሜን ከኋላ አቁሜ አሳየሁት፣ ምንም አይወጣም አለኝ። ከዛ ሌላው ሹፌር የናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ሰላሳ ጊዜ ያህል ተጫናት፣ መጀመሪያ ለስላሳ ነበረች ከዛ እየጠነከረች መጣች፣ ከዛ አንዴ ተነሳ።


ሽቦ_ዘርጋ፦

በቃ የራስሽን ራስሽ አገኘሽው። ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንከር ይመለሳል፣ ምክንያቱም የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። አንዳንድ ቀን ወዲያው የሚነሳው ደግሞ ምናልባት አፍንጫው ቁልቁል ሆኖ ያደረ ቀን ነው፣ እስቲ አስታውሺ። ናፍጣ ሲንጠባጠብ ካላየሽ ማፍሰስ የለም እንዳትዪ፣ መሳቢያው መስመር አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ ላያወጣ ይችላል። ከፊልትሮ ወደ ትልቁ ፖምፓ የምትሄደውን ጎማ በግልፅ ፕላስቲክ ትቦ ለጊዜው ቀይሪያትና ሞተሩ እየሰራ እይው፣ አረፋ ካለ አየር አለ። ከዛ ወደ ኋላ እየሄድሽ ማሰሪያዎቹን፣ ጎማዎቹን፣ ራሷን የእጅ ፖምፓዋን ማየት ነው። ብዙ ጊዜ እሷው ነች፣ ውስጧ ያለው ጎማ ደርቆ። ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻም ውሃውን አውጥተው ሳያጠብቋት ትተዋት እንደሆነ እዪ። በዛው ቁልፉ ሲከፈት ትልቁ ፖምፓ ላይ "ጢቅ" የሚል ድምፅ መኖሩን ይስሙልሽ፣ ናፍጣ የምትከፍተዋ ቫልቭ ነች፣ እሷ ካልተሰማች ደግሞ ሌላ ወሬ ነው።


ባለዶልፊን (እሁድ ከሰዓት)፦

ያዝኳት ያዝኳት ያዝኳት!!

ትናንት ሰልፍ ላይ፣ ስድስተኛ ተራ ላይ እያለሁ፣ "ቋ"። በህይወቴ መኪና እምቢ ስትለኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ረዳቴ ቁልፉን ይዞ "ያዝኩት ያዝኩት" ይላል እኔ ጉልበቴ ላይ መልቲሜትር፣ ከኋላ ያለው ሰውዬ ወርዶ መጥቶ ቦንብ እየፈታችሁ ነው እንዴ አለን። ቀይ 12.2፣ ሰማያዊ 10.4፣ ቢጫ ደግሞ 0.2 ብቻ። ሶስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁ ያው ነው። ባትሪው ራሱ ላይ ደግሞ 12.3። አራተኛው ላይ ተነሳች፣ ያኔ ቢጫው ከ10 በላይ ሆነ።


ሽቦ_ዘርጋ፦

አበቃ። ካሁን በኋላ ግምት የለም። 12.2 በር ላይ ደርሷል፣ በሩ ማዶ ምንም የለም። በሩ ደግሞ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት ሁለት መዳቦች ናቸው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቁልፍ ስታዞር ቀጭኗ ሽቦ ሶሌኖይዱን ታነቃዋለች፣ ውስጡ ያለችው ብረት ትሳባለች፣ በአንድ በኩል ጥርሱን ገፍታ ቮላኖው (ሞተሩን የሚያዞረው ባለጥርስ ትልቅ ክብ ብረት) ላይ ታስገባለች፣ በሌላ በኩል ጫፏ ላይ ያለችው ክብ የመዳብ ሳህን ሁለቱ መዳቦች ላይ ታርፍና ታገናኛቸዋለች። "ቋ" የሚለው እሷ ስታርፍ ነው። በእያንዳንዱ ማስነሳት መቶ ምናምን አምፔር በዛች ነጥብ ስለሚያልፍ ትንሽ ትንሽ ይቃጠላል፣ ታክሲ ደግሞ በቀን ስንቴ ትነሳለች ቁጠረው። አንደኛው መዳብ ካንደኛው ቀድሞ ያልቃል፣ ከዛ ሳህኗ አንዱን ትነካለች ሌላውን በፀጉር ታህል ትስተዋለች። ሳህኗ ደግሞ በቦታዋ ላይ ትዞራለች፣ አንዴ በደህናው ጎኗ ታርፋለች ትነሳለህ፣ አንዴ በተበላው ጎኗ ታርፋለች እምቢ። "አንዳንዴ" የሚለው ቃል የመጣው ከዚች ነው። ስትደበድበውም የምትነቃው ለዚህ ነው።

ሲሞቅ ለምን ካልክ፣ መዳብ ሲሞቅ ከረንት ማሳለፉ ይከብደዋል፣ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚስታንሱ 20 በመቶ አካባቢ ይጨምራል፣ የሶሌኖይዱ ጥቅልል መዳብ ነው፣ ስለዚህ ትኩስ ሆኖ የሚስብበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ሳህኗን አጥብቆ አይጫናትም። አዲስ ባትሪ ስትገዛ አስር ቀን ያሳረፈህ ትንሽ ጉልበት ስለጨመረለት ይመስለኛል። ያገለገለው ሞተሪኖ ደግሞ፣ ያው ያገለገለ ነው፣ የሌላ ታክሲ በሽታ ይዞ መጣ።

ሰማያዊው 10.4 መሆኑም ደስ አላለኝም። ወደ ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል፣ የቁልፉ ስዊችና የድሮ ሽቦ። አሁን ይስባል፣ ግን በሪሌ ብታደርገው ይሻልሃል፣ ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፣ ሪሌው ከባትሪ ቀጥታ ይሰጠዋል።


ጡረተኛው_ሹፌር፦

ሪሌ ሪሌ ትላላችሁ፣ አንድ የሚበላሽ ነገር ጨመራችሁበት እንጂ። ፋብሪካው ሳያስገባለት ሃያ አምስት ዓመት ሰርቷል። ስዊቹን ቀይረው ያልቃል። ይኼንን ለሽቦ ዘርጋ እተወዋለሁ፣ እሱ በሙያው ነው።

ልጄ፣ ስትፈታው ሁሉንም እንዳትፈታው። ከኋላ ያለችውን ክዳን ብቻ ነው። ሶሌኖይዱን ከፊቱ ብረት ካላቀቅከው ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ አለች፣ ወድቃ ትንከባለልና ፍሳሽ ውስጥ ትገባለች፣ ያለሷ ሞተሪኖው ጥርሱን አይገፋም። እኔ ቃሊቲ ላይ በባትሪ መብራት ግማሽ ሌሊት ፈልጌያታለሁ።


ባለዶልፊን (ከ9 ቀን በኋላ)፦

ዘግይቼ ነው ይቅርታ፣ ስራ ላይ ነበርኩ፣ ስራ ላይ መሆኔ ራሱ መልስ ነው 😄

የሆነውን ልንገራችሁ። የድሮውን ሞተሪኖ፣ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣውን፣ ረዳቴ አልጋው ስር አስቀምጦት ነበር፣ ልሸጠው ስል እምቢ ብሎኝ። መጀመሪያ እሱን ከፈትነው፣ መኪናዋን ሳንነካ። የኋላዋ ክዳን በሶስት ትንንሽ ብሎኖች ነው የታሰረችው፣ 8 ቁልፍ ነው። ከፈትናት፣ ብረቷን ከነስፕሪንጓ ሳብ አደረግናት ወጣች። ሳህኗ ዙሪያዋን ጠቁራለች፣ ጥቁር ቀለበት ሰርታለች፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጎድጉዳለች። ውስጥ ካሉት ሁለት መዳቦች አንዱ፣ የባትሪው ካቦ የሚታሰርበት በኩል፣ ግማሹ የለም። አይጥ የበላው ሳሙና ነው የሚመስለው። ሌላው ግን ብዙም አልተነካም። ክዳኑ ውስጥ የመዳብ ዱቄት ነበር፣ ረዳቴ ጣቱን ነክሮ አውጥቶ "ወርቅ አገኘን" አለኝ።

ሁለቱንም መዳብ ከነብረቷ ገዛሁ፣ አዲስ ሞተሪኖ ሊያስገዛኝ ከነበረው ብር ጋር ሲወዳደር የምሳ ነው። ሻጩ መዳቦቹን ብቻ ውሰድ ብሎኝ ነበር፣ የጎደጎደውን ሳህን አይቼ አይሆንም አልኩ። ስናስገባ ሁለቱ መዳቦች እኩል ቁመት ላይ መሆናቸውን በዓይን በደንብ አየን፣ አንዱ ዘንበል ብሎ ነበር ፈተን አስተካከልነው። አሮጌውን የቀለበት ጎማም ትተን አዲስ አደረግን። ኳሷን አልነካናትም ጋሼ፣ ምክርዎ ጆሮዬ ላይ ነበር። ከዛ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ ሶማሌ ተራ የገዛሁትን አውርጄ የራሷን መለስኩላት። የሱንም ከፈትነው፣ እሱም ያው ተበልቷል፣ ከኔ የባሰ።

ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሶስት ጊዜ ሰልፍ ገብቻለሁ፣ ሆን ብዬ እያጠፋሁ እያስነሳሁ። አንድ ጊዜም ቋ አላለችም። ድምጿ ራሱ ተቀይሯል፣ ስትዞር ፈጠን ብላለች። ሽቦዎቹን አላወጣኋቸውም፣ ወንበር ስር ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ሪሌውን ገና አልሰራሁትም፣ ጋሼና ሽቦ ዘርጋ ተስማምታችሁ ስትነግሩኝ 😅 ቁልቁለት ላይ ማቆሙን ግን እስካሁን አልተውኩትም፣ እጄ ራሱ ወደዛ ይዞራል።


ሽቦ_ዘርጋ፦

ጎበዝ። ያገለገለውንም አትጣለው፣ በሁለት መዳብ ሁለተኛ ሞተሪኖ አለህ። የዲናሞህን ቻርጅ ግን ለክተህ ታውቃለህ? ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ 13.8 እስከ 14.4 አካባቢ መሆን አለበት፣ አዲሷን ባትሪ እንዳትገድልብህ። ሪሌው ላይ ከጋሼ ጋር አልስማማም፣ ባክብሮት ነው።


የሰርቪስ_እናት፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የኔም አረፋው ታይቷል በግልፅ ትቦው፣ እንዳልከው የእጅ ፖምፓዋ ነች፣ ስትጫናት ጎኗ ላይ ላብ ትላለች። ሽቦ ዘርጋ፣ ፖምፓዋን ብቻ ነጥለው ይሸጣሉ ወይስ ከነፊልትሮ ራሱ ነው የምገዛው? ሁለት ሱቅ ጠይቄ ሁለት የተለያየ ነገር ነገሩኝ።


ሽቦ_ዘርጋ፦

ብቻዋንም አለ፣ ሙሉውም አለ። የድሮውን ፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ በአፍ እንዳትገዢ፣ የብሎኖቹ ርቀት ይለያያል። ሙሉውን የምትገዢው አሉሚኒየሙ ከተሰነጠቀ ወይ ክሩ ካለቀ ብቻ ነው። ስትገጥሙ በእጅ ፖምፓ ሞልታችሁ ጠንክራ እስክትቆም ተጫኑ፣ ከዛ ነው ቁልፍ የሚነካው።